ወደ ቼስ ልመለስ ወይስ ትዝታውን ይዤ ልቅር?

የተከበሩ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት፣ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ጉዳዬ ለሌላ ሰው ተራ ሊመስል ስለሚችል እስካሁን ለማንም በሙሉ ልቤ አላወራሁትም።

ቼስ ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ተማሪ ሳለሁ ለትምህርት ቤቴ፣ ኋላም ለዞናችን ተሰልፌ ተጫውቻለሁ። ኮምቦልቻና ወልድያ ላይ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጬ ያሸነፍኩባቸው ቀናት ነበሩ። በዚያን ጊዜ ሬቲንግ የሚባለውን፣ የተጫዋችን የችሎታ ደረጃ የሚያሳየውን ቁጥር፣ በስም እንጂ በተግባር አናውቀውም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ጨዋታውን ቀነስኩ። ከዚያ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፤ ቼስ ሳላስበው ከሕይወቴ ወጣ። ሰርተፊኬቶቼና አንዲት ሜዳሊያዬ እናቴ ቤት ተቀምጠው ነበር። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ቤቱን ዘግተን ወጥተን ስንመለስ ከብዙ ዕቃ ጋር ጠፍተዋል። ዛሬ ቼስ ተጫዋች እንደነበርኩ የሚመሰክር አንዲት ወረቀት የለኝም።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤታችን የተማሪዎቹን የቼስ ክበብ እንድይዝ ጠየቀኝ፤ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። አንድ ቀን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «መምህርት፣ በሰዓት እንጫወት» አለኝ። በአንድ ወታደር እየመራሁት ነበር። ሰዓቴ ሊያልቅ ሲል ተቻኮልኩና በፈረሱ ንጉሤንና ንግሥቴን በአንድ ጊዜ ያዘብኝ። ልጆቹ አጨበጨቡለት፤ እኔም ስቄ ጨበጥኩት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በቅርቡ ደግሞ የድሮ የቡድን ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። በመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ውድድር ስላለ አብረን ገብተን ሬቲንግ እናውጣ አለችኝ። ልቤ ዘለለ። ባለቤቴ አልከለከለኝም፤ ግን «ለመሆኑ በዚያ ቁጥር ምን ትሠሪበታለሽ?» ሲል ጠየቀኝ። አማቴ በበኩላቸው «የልጆች እናት ጠጠር ልትደረድር አገር ታቋርጣለች?» አሉ። ወጪውም ለመምህር ደመወዝ ቀላል አይደለም።

ሄጄ ብሸነፍስ? ዝቅተኛ ቁጥር በስሜ ላይ ተጽፎ ቢቀርስ? ለተማሪዎቼ ምን እላቸዋለሁ? ብቀር ደግሞ ራሴን ይቅር የምል አይመስለኝም። ምን ይመክሩኛል?

መ. ከደሴ

*

አብሽሪ እህቴ። ጉዳይሽ ተራ አይደለም። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ደግሞ ሁለት ነገሮች ተደራርበውብሽ አገኘሁ። አንደኛው መጫወት የናፈቀሽ መሆኑ ነው፤ ልቤ ዘለለ ያልሽው እሱን ነው። ሁለተኛው የጠፉት ወረቀቶች ናቸው። የጓደኛሽ ስልክ የደረሰሽ ይህ ሐዘን ገና ሳይሽር ነውና ሁለቱ ተቀላቅለውብሽ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። እስቲ በዝግታ አስቢበትና ለራስሽ መልሺው፦ ሬቲንጉን የምትፈልጊው ዛሬ ክፍል ገብታ ለምታስተምረው ሴት ነው ወይስ ወልድያ ላይ ላሸነፈችው ልጅ?

የምጠይቅሽ ሁለተኛው መልስ ስሕተት ስለሆነ አይደለም። ሬቲንግ ያንን ሥራ ስለማይሠራልሽ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ከአሁን በኋላ ስለምትጫወቻቸው ጨዋታዎች ብቻ ነው፤ የጠፋውን ሜዳሊያ አይመልስም። የድሮዋን ልጅ ክብር ለማስመለስ ብለሽ ሰሌዳው ፊት ከተቀመጥሽ እያንዳንዱ ሽንፈት እሷን የሚነካት ይመስልሻል፤ እንደዚያ ሆኖ መጫወት ደግሞ ከባድ ነው። ለእሷ ሌላ ነገር አድርጊላት። ከወንድምሽ ጋር አንድ ከሰዓት ቁጭ በሉና የት፣ በየትኛው ዓመት፣ ከማን ጋር እንደተጫወትሽ የምታስታውሱትን ሁሉ በደብተር አስፍሩ። ጓደኛሽ የቡድኑ ፎቶግራፍ ይኖራት እንደሆነ ጠይቂያት። የዞኑ ስፖርት መምሪያም የዚያን ዘመን የውጤት መዝገብ አስቀርቶ እንደሆነ ሄዶ መጠየቅ አይከፋም። ባይገኝ እንኳ ልጆችሽ የሚያነቡት የእናታቸው የእጅ ጽሑፍ ይኖራቸዋል።

አሁን ወደ ተማሪሽ ልምጣ። እንቅልፍ የነሳሽ መሸነፍሽ ነው ወይስ ሲጨበጨብለት መታየትሽ? የጻፍሽልኝን እንደገና ተመልከቺው። በአንድ ወታደር እየመራሽ ነበር፤ ነገሩ የተበላሸው ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ነው። እንግዲህ ጨዋታውን እስከዚያ ድረስ ያደረሰው ጭንቅላት አልጠፋም ማለት ነው። የጎደለሽ ከሰዓት ጋር የመኖር ልምድ ነው፤ ልጁ ደግሞ ያ ልምድ ሞልቶ ተርፎታል። የዛሬ ልጆች በስልክ ከማያውቁት ሰው ጋር በቀን ብዙ ፈጣን ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ስሕተታቸውንም ኮምፒውተር ወዲያው ያሳያቸዋል። አንቺ በነበርሽበት ዘመን አንድን ጨዋታ መልሶ ለማየት የሚያውቅ ሰው መፈለግ ነበረብሽ። በዓለም ላይ ያሉ አዋቂ ተጫዋቾች ሁሉ ከነዚህ ልጆች ጋር ሲገጥሙ ተመሳሳይ ነገር ይደርስባቸዋል።

ስለዚህ ልጁን አትሽሺው። በሚቀጥለው የክበብ ቀን ያንን ጨዋታ ከእሱ ጋር መልሰሽ ደርድሪውና «ፈረሱን ስታንቀሳቅስ ምን እያየህ ነበር?» ብለሽ ጠይቂው። ከመምህሩ እንዲህ ያለ ጥያቄ የቀረበለት ልጅ ምን እንደሚሰማው አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂያለሽ። ለተማሪዎቼ ምን እላቸዋለሁ ላልሽውም መልሱ እዚሁ ያለ ይመስለኛል። ከአዲስ አበባ ስትመለሺ የጨዋታዎችሽን መመዝገቢያ ወረቀት ይዘሽ ግቢና የተሸነፍሽባቸውን ሰሌዳው ላይ አሳዪያቸው፤ የት ላይ እንደሳትሽ እነሱ ይፈልጉ። ልጆች መምህራቸው ተሸንፋ ስትመለስ ሳይሆን ስትደብቅ ነው የሚታዘቡት።

አሁን ቁጥሩን እንየው። ፍርሃትሽ ግማሹ ደንቡን ካለማወቅ የመጣ ስለመሰለኝ ከዓለም ቼስ ፌዴሬሽን፣ ከፊዴ፣ የሬቲንግ ደንብ የሚመለከትሽን ልንገርሽ። አዲስ ተጫዋች ሬቲንግ ለማግኘት ሬቲንግ ካላቸው ተጋጣሚዎች ጋር ቢያንስ 5 ጨዋታ መጫወት አለበት። አምስቱ ግን በአንድ ውድድር ማለቅ የለባቸውም፤ በ26 ወር ውስጥ ከተለያዩ ውድድሮች ሊጠራቀሙ ይችላሉ። ይህ ለአንቺ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሁሉ ነገር በአንድ ጉዞ ላይ አልተንጠለጠለም። በመጀመሪያው ውድድርሽ ግማሽ ነጥብ እንኳ ሳታገኚ ብትመለሺ ያ ውጤት ጭራሽ አይቆጠርም። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከማርች 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አሠራር የአዲስ ተጫዋች ሬቲንግ ሲሰላ 1800 ሬቲንግ ካላቸው፣ በእውን ከሌሉ ሁለት የሐሳብ ተጋጣሚዎች ጋር አቻ እንደወጣ ተደርጎ ይደመርለታል።

የሒሳብ መምህርት ነሽና በምሳሌ እንየው። አማካይ ሬቲንጋቸው 1600 ከሆኑ አምስት ሰዎች ጋር ተጫውተሽ አንዱን አሸነፍሽ፣ ከአንዱ ጋር አቻ ወጣሽ፣ በሦስቱ ተሸነፍሽ እንበል። አንቺ ይህን «ወድቄ መጣሁ» ትይዋለሽ። ሁለቱ የሐሳብ ጨዋታዎች ሲጨመሩ ግን ከ7 ጨዋታ 2.5 ነጥብ ይኖርሻል፤ የተጋጣሚዎችሽም አማካይ ወደ 1657 ከፍ ይላል። በፊዴ ሰንጠረዥ መሠረት ለዚህ ውጤት 102 ተቀንሶ ሬቲንግሽ 1555 ይሆናል። ለብዙ ዓመታት ከውድድር ለራቀ ሰው የሚያሳፍር ቁጥር አይደለም።

ዝቅተኛ ቁጥር በስሜ ላይ ይቀራል ብለሽ የፈራሽውም በዚያ መልኩ አይደርስብሽም። ቀድሞ 1000 የነበረው የሬቲንግ ወለል፣ ማለትም የሚሰጠው ዝቅተኛ ቁጥር፣ አሁን 1400 ነው፤ ስሌቱ ከዚያ በታች ከመጣ ቁጥር አይወጣልሽም። ሊደርስብሽ የሚችለው ቅሬታ ይልቅ ይህ ነው፦ ደክመሽ፣ ገንዘብ አውጥተሽ፣ ያለ ቁጥር መመለስ። እሱን ከወዲሁ አስቢበት። «ሬቲንግ ይዤ እመጣለሁ» ብለሽ ለቤተሰብም ለተማሪም ቃል አትግቢ። ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ደግሞ እስከ 30ኛው ጨዋታሽ ድረስ በፍጥነት ይንቀሳቀሳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ እኩያሽን ብታሸንፊ 20 ነጥብ ታገኛለሽ፤ ከዚያ በኋላ ግን ያው ድል የሚሰጥሽ 10 ብቻ ነው። የፊዴ ዝርዝር በየወሩ ስለሚወጣ የመጀመሪያው ቁጥር ብዙ ሳይቆይ በሌላ ይተካል።

ባለቤትሽ «በዚያ ቁጥር ምን ትሠሪበታለሽ?» ያለሽን እንደ ንቀት አትውሰጂው፤ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ እውነተኛ መልስም አለው። ይህን የሬቲንግ ስሌት የቀመሩት አርፓድ ኤሎ የተባሉ፣ ሃንጋሪ ተወልደው አሜሪካ ያደጉ የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ ፊዴ አሠራሩን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ስለሚጠበቅ ውጤት ነው። በ200 ነጥብ ከሚበልጥሽ ሰው ጋር አራት ጊዜ ብትጫወቺ አንድ ነጥብ ያህል ይጠበቅብሻል፤ ሁለት ካገኘሽ ከተጠበቀው በላይ ሠርተሻልና ቁጥርሽ ከፍ ይላል። ለተጫዋች ጥቅሙ ይህ ነው፦ ከማን ጋር እኩል እንደሆነች ታውቅበታለች፣ በዓመቱ መሻሻሏንም ታይበታለች። ይህን ለባለቤትሽ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወረቀት ላይ ቁጥሩን እየጻፍሽ ብታስረጂው ደስ ይለኛል። ምናልባት ከቁጥሩ ይልቅ ስትናገሪ ፊትሽ ላይ የሚያየው ነገር ያሳምነዋል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚያስፈልግሽን በግልጽ ጠይቂው። «ደግፈኝ» አትበይው፤ እሱ ሰፊ ነው። «ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን ያዝልኝ፣ የውድድሩን ሰሞን ቤቱን አንተ ተረከብ» በይው። ወጪውንም ሳትሸፋፍኚ አስቀምጪ፦ መመዝገቢያው፣ መጓጓዣው፣ ማደሪያው፣ ምግቡ። ጓደኛሽ ቤት ማረፍ ከቻልሽ ትልቁ ወጪ ይወርድልሻል። ገንዘቡ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪ የሚነካ ከሆነ ግን ይህ ውድድር ይለፍሽ። ፈሪ ነሽ ማለት አይደለም፤ የሚቀጥለውን ውድድር እያሰብሽ ከአሁኑ መቆጠብ ትችያለሽ።

አማትሽን በክርክር ልታሸንፊያቸው አትሞክሪ። ይልቅ ቡና ላይ ስትቀመጡ በልጅነታቸው ገበጣ ተጫውተው እንደሆነ ጠይቂያቸው፤ ከማን ጋር ይጫወቱ እንደነበር፣ ማን ይረታ እንደነበር ያጫውቱሽ። የልጆች እናት ሆኖ ስለመወዳደር ደግሞ ለራስሽ ስንቅ ይሁንሽና ዩዲት ፖልጋርን አስቢ። ሃንጋሪያዊቷ ፖልጋር እ.ኤ.አ. በ2004 የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ በ2005 መጀመሪያ ወደ ውድድር ተመለሰች፤ በዚያው ዓመትም ወንዶችና ሴቶች በአንድነት በሚሰለፉበት የዓለም ደረጃ 8ኛ ሆነች። እሷ የሙሉ ጊዜ ተጫዋች ነበረች፤ አንቺ እንደ እሷ ሁኚ አልልሽም። እናትነት ከሰሌዳው የሚያስወጣ ምክንያት እንዳልሆነ ግን ምስክር ናት።

ስለ ዝግጅቱ አንድ ጠንካራ አስተያየት አለኝ፦ የጨዋታ መክፈቻዎችን በመሸምደድ ጊዜሽን አታባክኚ። ልጆቹን በዚያ አትደርሺባቸውም፤ አያስፈልግሽምም። በልጅነትሽ የምታውቂያቸውን ሁለት ሦስት መክፈቻዎች አድሺና ይብቁሽ። በየቀኑ ግን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጥቂት የቼስ እንቆቅልሽ ፍቺ፤ በፈረስ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የመያዝ ዓይነቱን በብዛት። ንጉሥና ወታደር ብቻ የቀሩባቸውን የመጨረሻ ሁኔታዎችም አጥኚ፤ አዋቂ ሰው ታግሦ ልጅን የሚረታው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ እያንዳንዳችሁ 60 ደቂቃ ይዛችሁ፣ እንቅስቃሴውን እየጻፋችሁ፣ ሙሉ ጨዋታ ተጫወቺ። ወንድምሽ አለ፣ ተማሪሽም አለ። ወንዶች ብቻ በሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ገብቶ መጫወት ካልተመቸሽ የክበቡን ክፍል ቅዳሜ ጠዋት ክፈቺውና የሚጫወቱ መምህራንን ጥሪ። ደሴ ውስጥ ሰሌዳ አጥተው የተቀመጡ እንደ አንቺ ያሉ ሴቶች የሚኖሩም ይመስለኛል።

ከውድድር ብዙ ጊዜ የራቀን ሰው የሚያሰናክሉ ትንንሽ ደንቦችም አሉ። የነካሽውን ማንቀሳቀስ ግዴታ መሆኑን ታስታውሻለሽ። ንጉሡንና ሩኩን (ማማውን) በአንድ ተራ ስታዘዋውሪ መጀመሪያ የሚነካው ንጉሡ ነው። እንቅስቃሴሽን የምትጽፊው ከተጫወትሽ በኋላ እንጂ አስቀድመሽ አይደለም። ደንብ የጣሰ እንቅስቃሴ ካደረግሽ ለተጋጣሚሽ ሁለት ደቂቃ ይጨመርለታል፤ ከደገምሽው ተሸንፈሻል። ከሁሉ በላይ ስልክሽን ተጠንቀቂው። በጨዋታ አዳራሽ ውስጥ ያለ ዳኛ ፈቃድ ስልክ ይዞ መገኘት ጨዋታውን ሊያስነጥቅሽ ይችላል። የልጆች እናት ስልኳን ከአጠገቧ መለየት እንደሚከብዳት አውቃለሁ፤ ስለዚህ ስትጫወቺ የሚደወልለት ሌላ ሰው ከወዲሁ ወስኚ፣ ስልኩንም ዳኞቹ በሚያሳዩሽ ቦታ አስቀምጪ።

እንግዲህ ልሂድ ወይስ ልቅር ላልሽው የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ገንዘቡ ከተገኘና ቤቱ ከተመቻቸ ሂጂ፤ ዝግጁ እስክሆን ልቆይ አትበዪ። ከውድድር ርቆ ለውድድር ዝግጁ የሚሆን ሰው የለም። ስትሄጂ ግብሽ አምስት ጨዋታዎችን በሥርዓት፣ ሰዓትሽን እየጠበቅሽ መጨረስ ብቻ ይሁን። ስንት አሸነፍሽ የሚለው በኋላ ይታያል።

ከመክፈልሽ በፊት ግን በዚህ ሳምንት ለጓደኛሽ ደውይና ውድድሩ በፊዴ ሬቲንግ የሚያሰጥ መሆኑን፣ በየትኛውስ ዓይነት እንደሆነ አጣሪ። የመደበኛው ጨዋታ፣ የራፒድና የብሊትዝ ሬቲንጎች ለየብቻ ናቸው። ራፒድ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከ10 ደቂቃ በላይ ሆኖ ከ60 በታች ነው፤ ብሊትዝ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ያንን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ጨዋታ ሳስበው ላንቺ በመደበኛው መጀመር ይሻልሻል እላለሁ። የፊዴ መለያ ቁጥርሽን የሚያስመዘግበው ብሔራዊ ፌዴሬሽኑ ስለሆነ ምን ማስረጃ እንደሚፈልጉም ጠይቂ፤ ስምሽ ከፓስፖርትሽ ወይም ከመታወቂያሽ ጋር አንድ ዓይነት ተደርጎ ይጻፍ። ሬቲንግ ያላቸው ተጫዋቾች ምን ያህል እንደተመዘገቡም ይንገሩሽ፤ ያለ እነሱ አምስቱ ጨዋታዎች አይሞሉም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመንገዱን ሁኔታ አጣርተሽ ውድድሩ ከሚጀመርበት ቢያንስ አንድ ቀን ቀድመሽ ድረሺ። ከአውቶቡስ ወርደሽ በቀጥታ ሰሌዳ ፊት እንዳትቀመጪ።